አባቴ ያፈጠነው ኮምፒውተር

ባለፈው ሳምንት የቢሮዬ ኮምፒውተር በሥራ መሀል ድርቅ እያለ አላሠራ ሲለኝ የጥገና ባለሙያ ጠራሁ። ሴትዮዋ መጥታ ክዳኑን ፈታች፣ አቧራውን በብሩሽ ጠረገች፣ ከዚያም ከቦርሳዋ መርፌ የሌለው ስሪንጅ የሚመስል ነገር አውጥታ ፕሮሰሰሩ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ግራጫ ቅባት ጠብ አደረገች። ሙቀቱን ወደ ላይኛው ብረት የሚያሻግር ቅባት መሆኑን፣ ሲደርቅም መቀየር እንዳለበት ሳልጠይቃት አስረዳችኝ። የሞቀ አቧራ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። "እኛ ቤት ይኼ ሥራ በጥርስ ሳሙና ነበር የሚሠራው" አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ከልቧ ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም፤ አልሳቅሁምም። ስንትና ስንት ዓመት ተኝቶ የነበረ ንዴት፣ ያ የሞቀ አቧራ ሲሸተኝ፣ እንደ ትናንት ሆኖ ተነሣብኝ።

ያደግሁት እዚሁ ዲላ ነው፤ ከሞያሌው መንገድ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ በክረምት ጭቃው ጫማ ከእግር በሚያወልቅ ሰፈር። አባቴ መምህር ታሪኩ ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ እናቴ አስቴር ደግሞ አዋላጅ ነርስ ነበረች። አባቴ ባንኮ ጎቲቲ ከሚባል ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። በልጅነቱ የአያቴን ሬዲዮ ፈትቶ ሲገጥመው ሦስት ብሎን ተርፎት ሬዲዮው ግን ከበፊቱ በተሻለ ድምፅ መናገሩን እስከ ዛሬ ያወራል፤ የቤታችን መከራ ሁሉ የጀመረውም ከዚያች ሬዲዮ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ፋብሪካ ሠርቶ የላከው ዕቃ ሁሉ ገና ያላለቀ ይመስለው ነበር። የቀረውን የሚጨርሰው እሱ ነበረ።

ኮምፒውተሩ እጁ የገባው እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ ህንዳዊ መምህር ትቶለት ሄደ። ሳጥኑ ከእርጅና ብዛት የበሰለ ሙዝ መልክ ይዟል፣ ስክሪኑ ከሆዱ የከበደ ነው፤ ለእኔ ግን በሰፈራችን ብቸኛው ኮምፒውተር ስለነበረ ከዓይኔ ብሌን አላሳንሰውም ነበር። ችግሩ ቁጭ ብዬ ልጠቀምበት የቻልኩበት ቀን አለመኖሩ ነው። አባቴ መጀመሪያ ራም ጨመረለት። ቀጥሎ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገባ። ከዚያ የማራገቢያው ድምፅ አልጣመኝም አለና በሌላ ተካው፤ የተተካው ደግሞ እንደ ቡና መፈልፈያ ይጮህ ጀመር። ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ስመጣ ሆድ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘዋለሁ። "አምስት ደቂቃ ብቻ" ይለኛል አባቴ፣ ቀና እንኳን ሳይል። የአባቴ አምስት ደቂቃ ከሰኞ ተነሥታ ሐሙስ ትገባ ነበር።

የሳጥኑን ክዳን ነገ ለሚከፈት ነገር መዝጋት ትርፉ ድካም ነው ብሎ አወለቀው፤ እናቴም ዝንጅብል ማስጫ አደረገችው። እናቴ ሴት ለማዋለድ ሌሊት ተጠርታ ሄዳ ጠዋት ደክሟት ስትመለስ፣ ወንበሩ ላይ ብሎን፣ አልጋው ላይ ገመድ ታገኛለች። "የሚሠራን ነገር ምን ሆነ ብለህ ነው የምትፈታው?" ትለዋለች። "ስለሚሠራ ነዋ፤ የማይሠራማ ምኑ ይሻሻላል?" ይላታል። እናቴ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም ከኋላዋ እገባለሁ። ሁለታችንም ስንናደድ ሽንኩርት እንልጥ ነበር።

በዚያ ዘመን ክረምት በመጣ ቁጥር መምህርት ፋጡማ ከነጌሌ ቦረና ይመጡ ነበር። አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ፤ ዲፕሎማቸውን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ አራት ልጆቻቸውን ለእናታቸው ትተው በየክረምቱ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ፤ የሚያርፉት እኛ ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ነው። እናቴ የእኛ ሥጋ ያልነካው ድስት ለይታ ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ሲመጡ በጠርሙስ የአገራቸውን ቅቤ ይዘውልን ይመጣሉ። ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ከራሳቸው ይልቅ ለደብተራቸው ጃንጥላ የሚይዙ ሴት ነበሩ። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላኝ ክረምት የመጨረሻ ክረምታቸው ሆነ፤ የመመረቂያ ጥናታቸውን ጽፈው ማስገባት ነበረባቸው። ጥናቱ በአካባቢያቸው ሴት ልጆች ለምን ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል እንደሚቀሩ የሚያስረዳ ነው። ልጆቹን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ፣ አንዳንዷንም ውኃ ልትቀዳ ስትሄድ መንገድ ላይ አብረው እየሄዱ፣ የነገሯቸውን በእጃቸው ጽፈው ነበር የመጡት።

የምተይበው እኔ ሆንኩ። መተየብ የለመድኩት አባቴ ኮምፒውተሩን በማይፈታባቸው ጥቂት ቀናት ነው፤ ጥናቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹን ቃል ሳልረዳው ፊደል በፊደል እለቅም ነበር። አራት ሳምንት ፈጀብኝ። አንዱን ገጽ ስጨርስ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ከጠረጴዛው ሥር እደረድራለሁ። መምህርት ፋጡማ ከቤተ መጻሕፍት ሲመለሱ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ፤ "አይ ጣትሽ፣ ምሕረት!" ይሉኛል። ትልቅ ሰው ሥራዬን ሲፈልገው የመጀመሪያዬ ነበር። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምውለው።

አባቴ ይህን ሁሉ ጊዜ እጁን ሰብስቦ አልተቀመጠም። ለሦስተኛ ሃርድ ዲስክ ቦታ አስፈለገኝ ብሎ የፍሎፒ ማጫወቻውን "ለጊዜው" ነቀለው። ፍሎፒ የምንላት ያቺ ጠፍጣፋ ካሬ ዲስክ የጽሑፉን ቅጂ የማስቀምጥባት ብቸኛ መተማመኛዬ ነበረች፤ ሦስቱ ምዕራፎች ገብተውባታል፤ አራተኛው፣ ልጆቹ የተናገሩት የሚገኝበት ትልቁ ምዕራፍ፣ ሳይገባ ቀረ። "አባዬ፣ መልሰው እንጂ" ባልኩት ቁጥር "ነገ" ይለኛል። ነገ ሲደርስ ሌላ ነገ ይወልዳል።

ከዚያ ደግሞ ያ ወረቀት መጣ። አንድ ቀን ኢንተርኔት ቤት ሄዶ አሳትሞት የመጣውን ጽሑፍ ምሳ ላይ እየበላ ያነባል። ፕሮሰሰር ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ መሮጥ እንደሚችል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መሰኪያዎች ከቦታ ቦታ ማዘዋወር ብቻ እንደሚበቃ ይናገራል። አባቴ ዓይኑ በራ። ኮምፒውተሩ እኔ ተይቤ ከጨረስኩ በኋላ ፊደሉን እያንጠባጠበ ያመጣ ስለነበር፣ ለእኔና ለመምህርት ፋጡማ ሲል ሊያፈጥነው እንደሆነ አስታወቀ።

"አባዬ፣ በእግዚአብሔር፣ እስክንጨርስ ተወው" አልኩት። "አንድ ሳምንት ነው የቀረን።"

"በምታገኚው ፍጥነት በሦስት ቀን ትጨርሽዋለሽ።"

ለመምህርት ፋጡማ ነገርኳቸው። እሳቸውም በትሕትና፣ "መምህር፣ እኔ ቀርፋፋውን ለምጄዋለሁ" አሉት። አባቴ የሰማው ይሉኝታ አድርጎ ነው። ቅዳሜ እኔ ለመዘምራን ልምምድ ቤተ ክርስቲያን፣ እናቴ ሥራ ላይ ሳለን ፈታው። መሰኪያዎቹን አዘዋወረ። ሙቀቱን የሚያሻግር ቅባት ዲላ ውስጥ ፈልጎ ስላጣ፣ ያ ወረቀት የጥርስ ሳሙናም ይሠራል ይላል ብሎ የእናቴን የጥርስ ሳሙና ቀባበት። ለማቀዝቀዣ ይሁን ብሎም የእናቴን የብረት ድስት ክዳን ቆርጦ ከላይ አሰረበት።

ስመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እጄን ይዞ አስገባኝና "ተይቢ" አለኝ። ተየብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ኮምፒውተር በረረ። ፊደሉ ከጣቴ ቀድሞ የሚወጣ መሰለኝ፤ ሰንጠረዡ ስነካው ተከፈተ፤ ክፍሉ ከጥርስ ሳሙናው የወጣ የሞቀ ሚንት ሸተተ። ንዴቴን ረስቼ ጮህኩ። አባቴ ያን ቀን የሳቀውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም አላየሁበትም። ሁለት ቀን ሙሉ እየዘፈንኩ ተየብኩ፤ አራተኛውንም ምዕራፍ ጨረስኩት።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የጥርስ ሳሙናው ደረቀ። ሚንቱ ጠፍቶ የሚቃጠል አቧራ ሸተተኝ፣ ስክሪኑ ድርቅ አለ፣ ከዚያ ጠፋ። አባቴ ወደ ቤት ሲመጣ አቀዝቅዞ አስነሣው፤ ተነሣ ግን ሃርድ ዲስኩ የያዘውን ሁሉ የማያውቅ ሆኖ ነው የተነሣው። ፋይሎቹ ስማቸው ሳይቀር ወደ ትርጉም የለሽ ምልክት ተቀይሯል። ፍጥነቱ ፕሮሰሰሩን ብቻ ሳይሆን ዲስኩንም አብሮ አናግቶት ኖሯል። አባቴ መሰኪያዎቹን ወደ ቦታቸው መለሰ፣ ፈታ፣ ገጠመ፣ ደጋግሞ ሞከረ። ሦስቱ ምዕራፎች ፍሎፒዋ ላይ አሉ፤ ምዕራፍ አራት ግን የለም።

መምህርት ፋጡማ ዝናብ ሲዘንብባቸው ገቡ። አባቴ ራሱ ነገራቸው፤ ምንም አልደበቀም። እሳቸው ጃንጥላቸውን አራግፈው ግድግዳው ላይ አስደገፉና ቁጭ አሉ። የማስረከቢያው ቀን ዓርብ ነው፤ ያ ቀን ማክሰኞ ነበር።

"ግድ የለም" አሉ ቀስ ብለው። "የእጅ ጽሑፌ አለ አይደል? ምሕረት ደርድራዋለች።"

እኔ ወደ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። ወረቀቱ የለም። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች።

"ቀይ ምልክት ያለበት ሁሉ ያለቀ ነው ብላችሁኝ ነበር" አለች። "ቤቱን ሳጸዳ... ለጥሩነሽ ሰጠኋት።"

"ለማን?" አሉ መምህርት ፋጡማ።

"መናኸሪያ ኦቾሎኒ ለምትሸጠዋ። መጠቅለያ ስጪኝ ስትለኝ ነበር።"

ያኔ ነው መምህርት ፋጡማ ያለቀሱት። የነጠላቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እኔ ወደ አባቴ ዞርኩ። ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ያጠራቀምኩት "አምስት ደቂቃ" ሁሉ፣ ነገን የወለደው ነገ ሁሉ ባንድ ላይ ወጣ።

"አንተ የነካኸው ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል?" አልኩት። "ሁለተኛ ምንም ነገር እንዳትነካ! ምንም!"

"ምሕረት!" አለች እናቴ በድንጋጤ። በእኛ ቤት ልጅ አባቱን እንዲህ ብሎ አያውቅም። ተግሣጹን ጠበቅሁ፤ በጥፊም ቢመታኝ ደስ ባለኝ። አባቴ ግን አላየኝም። ካፖርቱን ለበሰና ዝናቡ ውስጥ ወጣ። ትንሽ ቆይቼ ተከተልኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥሩነሽ መናኸሪያው በር ላይ ላስቲክ ተከልላ ነበር። አባቴ ሲጠይቃት ሳፋዋን ገለጥ አድርጋ፣ "ወረቀቷ አለች መምህር፣ ግን ሁሏም የለችም። ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ብዙ ነበረች" አለችው። ገና ያልተቀደዱ ዘጠኝ ገጾች ተገኙ። ኦቾሎኒ ተሞልቶባቸው ለገዢ የተዘጋጁትን ደግሞ አባቴ አንድ በአንድ እየዘረገፈ አየ፤ አራት ተጨመሩ። የቀረውስ? የቀረው በሰው እጅ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። አባቴ፣ ግማሹ የዲላ ተማሪ የሚያውቀው፣ ሲያልፍ ሰዎች ተነሥተው ሰላም የሚሉት መምህር፣ ከአውቶቡስ አውቶቡስ እየወጣ "ይቅርታ፣ ኦቾሎኒውን እናንተ ብሉት፣ ወረቀቱን ብቻ ስጡኝ" እያለ ለመነ። አንዳንዱ ሳቀበት። አንድ ወደ ሞያሌ የሚሄዱ ሽማግሌ ኦቾሎኒውን ባርኔጣቸው ውስጥ ገለበጡና ወረቀቱን እያዩ፣ "ምንድን ነው ልጄ፣ የፍርድ ቤት ማስረጃ ነው?" አሉት።

"የሰው ዲግሪ ነው፣ አባባ" አለ አባቴ።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው አውቶቡሱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ "ወረቀት ያለህ አምጣ!" ብለው አዘዙ። ከእሳቸው አውቶቡስ ብቻ አምስት ገጽ ወጣ። ሌላውን አባቴና እኔ ከጭቃ ለቀምን፤ እሱ በመኪናው በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ ጎንበስ ብለን። አንድ የባጃጅ ሾፌር እግሩ ሥር የነበረውን አንስቶ ሰጠን። ከምዕራፍ አራት ሃያ ስድስት ገጾች ሃያ አንዱ ተገኙ።

እናቴ ገጾቹን በጨርቅ መሀል አድርጋ ተኮሰቻቸው፤ ዘይት የነካቸው ቦታዎች ብርሃን ያሳልፉ ነበር። አባቴ የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ለምኖ የቢሮውን ኮምፒውተር ለሦስት ቀን አስፈቀደ። እሱ ያነባል፣ እኔ እተይባለሁ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ከአባቴ አፍ የሰማሁት የመምህርት ፋጡማን ቃል ብቻ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ያነባል፣ "ነጥብ" ይላል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። እኔም "እሺ" እንኳን አላልኩትም። የጎደሉትን አምስት ገጾች መምህርት ፋጡማ ከጎናችን ቁጭ ብለው ልጆቹ ቤት ከሞሏቸው መጠይቆች እንደገና ይጽፏቸው ጀመር፤ አራቱን ሞሉ። አምስተኛው ላይ እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። በዚያ ገጽ አንዲት ልጅ ውኃ መንገድ ላይ የነገረቻቸው ነበር፤ ሐሳቡን ያስታውሱታል፣ ቃሏን ግን አያስታውሱትም። አባቴ ሐሳቡን ብቻ እንዲጽፉት ሐሳብ አቀረበ። "አይ መምህር" አሉት። "ያላለችውን አላስብላትም።" ያ ቦታ ሳይሞላ ቀረ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አስረከቡ። ተመረቁም። መስከረም ሲጠባ ጋዋን ለብሰው፣ አራቱ ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ከበዋቸው የተነሡትን ፎቶ ላኩልን፤ እናቴ ሳሎን ሰቀለችው። እኔ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር የሚታየኝ ግን ያቺ ስሟን እንኳን የማላውቃት ልጅ ናት። ለአስተማሪዋ አንድ ነገር ተናግራ ነበር፤ ቃሏ ከኦቾሎኒ ጋር ተጠቅልሎ ወደ አንድ አገር ሄደ።

አባቴ ኮምፒውተሩን ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ዲስክ አስገብቶ አስተካከለው። ፍጥነቱን ፋብሪካው ባለው ላይ አደረገ። የፍሎፒ ማጫወቻውን መለሰ። የሳጥኑን ክዳን ከእናቴ ተቀብሎ አጥቦ፣ በአራቱም ብሎን ጥብቅ አድርጎ ዘጋው። የብሎን መፍቻዎቹን ሁሉ በብስኩት ጣሳ ሰብስቦ ለትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ሰጣቸው። እኔ ያኔ እንዳሸነፍኩ ነበር የቆጠርኩት። ያ ኮምፒውተር ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት አንድ ቀን ሳያስቸግር ሠራ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በሱ አጥንቼ ጨረስኩ። ቀርፋፋ ነበር። ማንም አልነካውም።

አባቴ ጡረታ የወጣ ጊዜ ስጦታ ልስጠው ብዬ ከሐዋሳ አንድ ሙሉ የመፍቻ ስብስብና ለላፕቶፔ የሚሆን ራም ገዝቼ መጣሁ። "አባዬ፣ እስቲ ክፈተውና አንተ ግጠምልኝ" አልኩት። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በመዳፉ መዘናቸው፣ መልሶ በየቦታቸው ሰካቸው። "ለሚያውቅ ሰው ስጪው" አለኝ። "የኔ ዓይን ደክሟል።" መጽሐፍ ቅዱሱን ያለ መነጽር የሚያነብ ሰው ነው።

አላስችል አለኝና፣ "አባዬ፣ ያን ቀን የተናገርኩህን..." ብዬ ጀመርኩ።

"ረስቼዋለሁ" አለኝ፤ ንግግሬን ሳልጨርስ።

በልጅነቴ ቅዳሜ ሲሆን "ምሕረት፣ ነይ ባትሪዋን ያዥልኝ" ብሎ ይጠራኝ ነበር። እያጉረመረምኩ እሄዳለሁ፤ የእጅ ባትሪውን ሳጥኑ ላይ አበራለታለሁ፤ ክንዴ ሲዝል ብርሃኑ ይወርዳል፣ እሱ ሳያይ በጣቱ ክርኔን ወደ ላይ ቀና ያደርግልኛል። ጨዋታዬን ስለሚያቋርጠኝ ያን ጥሪ ከምንም ነገር በላይ እጠላው ነበር። አሁን እነሱ ቤት የሚፈታ ነገር የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ስሄድ ሁሉም ነገር ክዳኑ ተዘግቶ በቦታው ነው፤ አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል፤ እኔም አጠገቡ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ሁለታችንም ለእጃችን ሥራ የለንም።